ንጹሑን ከድብልቁ የሚለይ ቁራጭ ወረቀት

ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ዳኛ ነው። ቅቤውን ያሸታል፤ ማሩን በጣቱ ጫፍ ይቀምሳል፤ ጤፉን በመዳፉ ላይ አድርጎ እፍ ይላል፤ በርበሬውን ወደ ብርሃን አቅርቦ ቀለሙን ይመለከታል። እነዚህ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስናቸው ፈተናዎች የሚናቁ አይደሉም፤ ብዙ ቤተሰብ ከኪሳራና ከሕመም አድነዋል። ነገር ግን ሻጩ ተንኰለኛ የሆነ እንደ ሆነ፥ ወይም ሁለቱ ዕቃዎች በመልክና በጣዕም እጅግ የተቀራረቡ እንደ ሆነ፥ ዓይንም ምላስም አፍንጫም ወሰን አላቸው። ከዚያ ወሰን ወዲያ ማን ይፍረድ?

የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ዘዴዎች ስለ አንዱ ይናገራል። ዘዴው የወረቀት ክሮማቶግራፊ ይባላል። ስሙ ለጆሮ ይክበድ እንጂ ዕቃው ቁራጭ ወረቀት፥ ጥቂት ፈሳሽና ትዕግሥት ነው። ነገሩ ባዶ ትምህርት ሆኖ እንዳይቀር፥ ከድንበራችን ማዶ ካለ አንድ ገበያ ተነሥተን፥ በመጨረሻ ወደየቤታችን ማእድ ቤት እንመለሳለን።

የሁለቱ ዛፎች ሙጫ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከወደቁባት ከመተማ ተነሥቶ ገላባትን ያለፈ መንገደኛ፥ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲጓዝ ጥቁር አፈር የለበሰውን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ ገዳሪፍ ይደርሳል። ገዳሪፍ በማሽላና በሰሊጥ የታወቀች የምሥራቅ ሱዳን ጎተራ ናት። በአጨዳ ወራት ለቀን ሥራ የሚሻገሩ ወንድሞቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቋታል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከጦርነት የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያው ክፍል በኡም ራኩባ ተጠልለዋል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ወደ እኛ መጥተዋል። እንግዲህ ይህ ድንበር ሁለቱ ሕዝቦች በክፉ ቀን በየተራ የሚጠጉበት፥ በደጉ ቀን ደግሞ የሚገበያዩበት ስፍራ ነው።

በዚህ ሜዳ ከእህሉ ሌላ የሚታፈስ ሀብት አለ፤ እርሱም የግራር ሙጫ ነው። ነጋዴዎች የዓረብ ሙጫ ይሉታል። በዓለም ገበያ ከሚቀርበው የዚህ ሙጫ አብዛኛው የሚወጣው ከሱዳን ሲሆን፥ በእኛም አገር በመተማና በሑመራ በኩል ሙጫ የሚሰጡ ግራሮች ይገኛሉ። ሙጫው ለአበሻ እንግዳ አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥላሸቱ ከብራናው ጋር እንዲጣበቅ በቀለማቸው ውስጥ ሙጫ ይጨምሩ ነበር። በዛሬው ዓለም ደግሞ ከረሜላ፥ ለስላሳ መጠጥ፥ የመድኃኒት ክኒንና የውሃ ቀለም የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይፈልጉታል። በምግብ መያዣዎች ላይ ኢ 414 ተብሎ የሚጻፈው ምልክት ይህንኑ ሙጫ የሚያመለክት ነው።

ሙጫው ግን የሚፈልቀው ከሁለት ዓይነት ግራር ነው። አንደኛውን ሱዳኖች ሀሻብ ይሉታል። ክረምቱ አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፥ በጥቅምት አካባቢ፥ ገበሬው ሶንኪ በሚባል ረጅም እጀታ ባለው ብረት ቅርፊቱን በስሱ ይልጠዋል። ከቁስሉም እንደ እንባ እየተንጠባጠበ የሚደርቅ ፈዛዛ ቢጫ ሙጫ ይወጣል። የመጀመሪያው ለቀማ ከሳምንታት በኋላ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየተመላለሱ ይለቅሙታል። ሁለተኛው ዛፍ ጠልሕ ይባላል። በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ላይ በብዛት የሚበቅለው እርሱ ነው። ሙጫውን አብዛኛውን ጊዜ ሳይልጡት በራሱ ያወጣል፤ ሙጫውም ጠቆር ያለና በቀላሉ የሚፈረካከስ ነው። የሱዳን ሴቶች ለጭስ መታጠቢያቸው የሚያነዱት የዚህን የጠልሕን እንጨት ነው፤ በእኛ ዘንድ ወይባ እንደሚታጠኑት መሆኑ ነው።

ሁለቱም ጥሩ ሙጫዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ግን እኩል አይደለም። ሀሻብ ይበልጣል፥ ብልጫውም ያለ ምክንያት አይደለም። በሀሻብ ውስጥ ከስኳሮቹ ጋር የተጣበቀ ጥቂት ፕሮቲን አለ፤ ይህም በለስላሳ መጠጥ ውስጥ የዘይት ነጠብጣቦችን አቅፎ እንዳይለያዩ የሚይዝ ነው። የጠልሕ ሙጫ ፕሮቲኑ ያነሰ ስለ ሆነ በዚህ ሥራ ይደክማል። ስለዚህ በሀሻብ ከረጢት ውስጥ ጠልሕን፥ ወይም ከዚያ የባሰ ከነጭራሹ ከግራር ያልወጣ ርካሽ ዱቄትን የሚቀላቅል ነጋዴ፥ ትርፉን የሚወስደው ከገዢው ኪስ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው አንድ ጊዜ ከተታለለ በኋላ ለአገሩ ሙጫ ሁሉ የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የሚጎዳው በሐሩር ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዞረ በንጽሕና የለቀመው ድኻ ገበሬና ልጆቹ ናቸው።

ሙጫው እንዳለ በጓል መልክ ሲሆን ልምድ ያለው ነጋዴ በዓይኑና በጣቱ ይለየዋል። ተደቁሶ ዱቄት የሆነ እንደ ሆነ ግን ሁሉም ነጭ ይሆናል፤ ልምድም ይከሽፋል። የወረቀቱ ተራ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ዘዴው ከየት መጣ?

በወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም እየሰፋ ሲሄድ ዳር ዳሩ ሌላ መልክ እንደሚያወጣ ተማሪ ሁሉ አይቷል። ይህን ተራ ነገር አስተውሎ ሳይንስ ያደረገው ሚኻኤል ጽቬት የተባለ ሩሲያዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1903 በዋርሶ ባደረገው ንግግር፥ የቅጠል ጭማቂ የጠመኔ ዱቄት በታጨቀበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ አረንጓዴና ቢጫ መቀነት እየሠራ እንደሚለያይ አስረዳ። በ1906 ደግሞ ዘዴውን ክሮማቶግራፊ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም በግሪክኛ የቀለም ጽሕፈት ማለት ነው።

ጠመኔውን በወረቀት የተኩት ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ስለ በግ ጠጕር ይመራመሩ የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ እ.ኤ.አ. በ1941 መሠረቱን ጣሉ፤ በ1944 ኮንስደን፥ ጎርደንና ማርቲን በማጥለያ ወረቀት የሚሠራውን ዘዴ አወጡ። ማርቲንና ሲንጅ በ1952 የኖቤልን ሽልማት በኬሚስትሪ ተቀበሉ። ከዚያም ፍሬዴሪክ ሳንገር የኢንሱሊንን አሠራር ሲፈታ፥ ሜልቪን ካልቪንም ቅጠል ከአየር ምግብ የሚሠራበትን መንገድ ሲከታተል፥ ሁለቱም በዚህ ወረቀት ተጠቅመዋል፤ ሳንገር በ1958፥ ካልቪን በ1961 ተሸልመዋል። በወረቀት ላይ ስኳሮችን መለየት የሚቻል መሆኑን ያሳየው ደግሞ ፓርትሪጅ ነው፤ ጊዜውም 1946 ነበር። የግራር ሙጫ ምርመራ በር የተከፈተው በዚህ ነው። ሙጫ በምላስ የሚጣፍጥ አይሁን እንጂ፥ ተፈትቶ ሲታይ የስኳሮች ሰንሰለት ነውና።

በስኮትላንድ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ አንደርሰን የተባሉ ሊቅ የግራር ሙጫዎችን ለብዙ ዓመታት መርምረዋል፤ ከመሣሪያዎቻቸውም አንዱ ይኸው ወረቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የግራር ሙጫዎችን ቅንብር ያወጡት፥ በኋላ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ስለ ሱዳን ሙጫ ብዙ ከሠሩት ከከረማላ ጋር ነው። የሜዳው ሙጫና የላቦራቶሪው ወረቀት በዚህ ዓይነት ተገናኙ።

ሥራው እንዴት ይፈጸማል?

ሙጫ እንዳለ በወረቀት ላይ አይጓዝም፤ ግዙፍ ስለ ሆነ በተነጠበበት ስፍራ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያ በቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ይሞቃል። አሲዱም ሰንሰለቱን በጥሶ ስኳሮቹን አንድ በአንድ ይለቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ባሪየም ካርቦኔት የሚባል ነጭ ዱቄት ተጨምሮ አሲዱ ይገደላል፤ ዝቃጩም ይጠለላል፤ የጠራው ፈሳሽ ይቀራል።

በማጥለያው ወረቀት ላይ ከጠርዙ ጥቂት ራቅ ብሎ በእርሳስ መስመር ይሰመራል። በብዕር ማስመር አይገባም፤ የብዕሩ ቀለም ራሱ ተነሥቶ ይጓዛልና። በመስመሩ ላይ በቀጭን የመስታወት ቱቦ የሙጫው ፈሳሽ ይነጠባል። ከጎንና ከጎኑም ንጹሕነታቸውና ስማቸው አስቀድሞ የታወቀ ስኳሮች በየተራ ይነጠባሉ፤ ጋላክቶስ፥ አራቢኖስ፥ ራምኖስ፥ ግሉኮስ፥ ማኖስ፥ ዚሎስና ግሉኩሮኒክ አሲድ ናቸው። ወረቀቱ በተዘጋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ጫፉ በፈሳሽ ይነከራል። ለዚህ ሥራ የታወቀው ፈሳሽ ቡታኖል፥ አሴቲክ አሲድና ውሃ 4 ለ1 ለ5 ሆነው ተቀላቅለው፥ ከላይ የሚንሳፈፈው ክፍል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፈሳሹ በወረቀቱ ውስጥ ዝግ እያለ ይጓዛል፤ ስኳሮቹንም እየገፋ ይሄዳል።

አብረው የተነሡት ስኳሮች ስለ ምን ይለያያሉ? ከመተማ ወደ ገዳሪፍ በአንድ ጧት የተነሡ መንገደኞችን አስቡ። አንደኛው በየሻይ ቤቱ እየገባ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ያርፋል፤ ሦስተኛው ያለ ማቋረጥ ይገሠግሣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሦስቱም በአንድ ስፍራ አይገኙም። የወረቀቱ ጭረቶች ውሃን አቅፈው ይይዛሉ፤ እርሱ ሻይ ቤቱ ነው። ውሃን አጥብቆ የሚወድ ስኳር በዚያ እየቆየ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለውሃ ያለው ፍቅር የቀነሰው ደግሞ ከፈሳሹ ጋር ወደ ፊት ያልፋል።

ጧት ወረቀቱ ወጥቶ ይደርቃል። ስኳር ቀለም የለውምና ገና ምንም አይታይም። ስለዚህ አኒሊን ፍታሌት የሚባል መድኃኒት ይረጭበትና ወደ 105 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ያን ጊዜ እንደ ጋላክቶስ ያሉት ቡናማ፥ እንደ አራቢኖስ ያሉት ቀላ ያለ ነጥብ ሆነው ይገለጣሉ።

እያንዳንዱ ነጥብ የተጓዘው ርቀት ፈሳሹ ለተጓዘው ርቀት ይካፈላል። ፈሳሹ 30 ሴንቲሜትር ሲጓዝ ራምኖስ 11 ሴንቲሜትር ያህል ቢሄድ፥ ቍጥሩ 0.37 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በዚሁ ፈሳሽ የአራቢኖስ ቍጥር ወደ 0.21፥ የጋላክቶስ ወደ 0.16 ይጠጋል። ሙቀቱ ወይም ወረቀቱ ሲለወጥ ቍጥሩም ከፍ ዝቅ ስለሚል፥ ብልህ መርማሪ በመጽሐፍ በተጻፈ ቍጥር ብቻ አይታመንም፤ በዚያው ወረቀት ላይ በጎን የተነጠበውን የታወቀውን ስኳር ይመለከታል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ምሥጢር ይህ ነው፤ ንጹሑ ከጎኑ ካልቆመ፥ የተጠረጠረው አይመረመርም።

እውነተኛ የግራር ሙጫ ጋላክቶስን፥ አራቢኖስን፥ ራምኖስንና ግሉኩሮኒክ አሲድን ያሳያል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ጉባኤ ያወጣው መለኪያም፥ እነዚህ በክሮማቶግራፊ እንዲገኙ፥ ማኖስ፥ ዚሎስና ጋላክቱሮኒክ አሲድ ግን እንዳይገኙ ያዝዛል። ማኖስ ከታየ እንደ ጓር ያለ የባቄላ ዘር ሙጫ፥ ዚሎስና ጋላክቱሮኒክ አሲድ ከታዩ ትራጋካንት የሚባለው ሙጫ ሳይገባበት አልቀረም። ግሉኮስ ከታየ ደግሞ ስታርች ወይም ከስታርች የተሠራ ዱቄት ይጠረጠራል።

ወረቀቱ የማይናገረው

አሁን አንባቢያችን፥ «እንግዲያስ በሀሻብ ውስጥ የተቀላቀለውን ጠልሕ ወረቀቱ ወዲያው ያጋልጠዋላ!» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፤ ወረቀቱ ይህን በቀጥታ አይናገርምና። ሁለቱ ዛፎች ዘመዳሞች ስለ ሆኑ በሙጫቸው ውስጥ ያሉት ስኳሮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያዩት በመጠን ነው። በሀሻብ ውስጥ አራቢኖስ ከመቶ 27 ያህል፥ ራምኖስ 13 ያህል ሲሆን፥ በጠልሕ ውስጥ አራቢኖስ እስከ 46 ይደርሳል፥ ራምኖስ ግን ወደ 4 ይወርዳል። የነጥቦቹን መድመቅና መፍዘዝ አይቶ መጠርጠር ይቻላል፤ መፍረድ ግን አይቻልም።

ለዚህ ሌላ ምስክር ይጠራል። ፖላሪሜትር በሚባል መሣሪያ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን በሙጫው ውሃ መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል። ሀሻብ ብርሃኑን ወደ ግራ ከ26 እስከ 34 ዲግሪ ያዞረዋል፤ ጠልሕ ደግሞ ወደ ቀኝ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ያዞረዋል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ መዞሩ በመካከል ይወድቃል፤ ድብልቁም ይታወቃል። ወረቀቱ ባዕዱን ከዘመዱ ይለያል፤ ብርሃኑ ደግሞ ዘመድን ከዘመድ ይለያል።

ከዚህም ሌላ ወረቀቱ ሊያሳስት የሚችልበት ጊዜ አለ። ማኖስና አራቢኖስ በተናገርነው ፈሳሽ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ፥ ርቀታቸውን ብቻ የተመለከተ ሰው አንዱን በሌላው ስም ይጠራል። ስለዚህ መርማሪው የቀለማቸውን ልዩነት ይመለከታል፤ ካልረካም በሌላ ፈሳሽ ደግሞ ይፈትናል። በሁለት ልዩ ልዩ ፈሳሾች ከታወቀው ስኳር ጋር እኩል የተጓዘ ነጥብ፥ ያው ስኳር ነው ቢባል ያስኬዳል። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ መፍረድ በፍርድ ቤትም አደገኛ ነው።

ዛሬ በታላላቅ ላቦራቶሪዎች የወረቀቱን ስፍራ ረቂቅ መሣሪያዎች ወስደውታል፤ በሰዓት ውስጥ ለይተው መጠኑን ጭምር በቍጥር ይናገራሉ። ነገር ግን ሁሉም የዚያው ወረቀት ልጆች ናቸው፤ ሕጋቸውም አንድ ነው። ወረቀቱ በበኩሉ መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ ይህን ሕግ ለማስተማር እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በቤት የሚደረግ ፈተና

አሲድና መርዛም ፈሳሽ ለቤት አይሆኑም። በውሃ ብቻ ግን ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይህን ጥበብ ሊፈትኑት ይችላሉ። ከነጭ የቡና ማጥለያ ወረቀት 2 ሴንቲሜትር ስፋትና 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቍራጭ ይቆረጣል። ከታችኛው ጫፍ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በእርሳስ መስመር ይሰመርና፥ በመስመሩ ላይ ልጆች ሥዕል በሚቀቡበት በውሃ በሚለቅ ጥቁር እስክሪፕቶ አንዲት ነጥብ ይደረጋል። በብርጭቆ ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ይጨመራል። ወረቀቱ በእርሳስ ላይ ተንጠልጥሎ ጫፉ ብቻ ይነከራል፤ ነጥቡ ግን ከውሃው በላይ ይሁን፤ ከተነከረ ቀለሙ በውሃው ውስጥ ይሟሟና ሥራው ይበላሻል። ውሃው ወደ ላይኛው ጫፍ ሲቃረብ ወረቀቱ ይወጣል፤ ውሃው የደረሰበት ወዲያው በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። አንድ መስሎ የታየው ጥቁር ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፥ ሐምራዊና ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ልጁ ርቀቱን በማስመሪያ ለክቶ ያካፍል፤ የሒሳብ ትምህርቱም ሥጋ ለብሶ ይታየዋል።

ከዚህ ቀጥሎ እናቶችን የሚመለከተው የበርበሬ ነገር ነው። በርበሬ ያረጀና የገረጣ እንደ ሆነ፥ ደማቅ ለማስመሰል ቀለም የሚጨምሩበት ክፉ ነጋዴዎች በብዙ አገር ተገኝተዋል። ለመፈተን አንድ ማንኪያ የተጠረጠረ በርበሬ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ይበጠበጥና ይጠለል። በሌላ ዕቃ ደግሞ ከዛላው ጀምሮ በቤት የተቀነጠሰና የተፈጨ በርበሬ እንዲሁ ይደረግ። ከሁለቱም የጠራው ውሃ በሁለት ወረቀቶች ላይ እየደረቀ አምስት ስድስት ጊዜ ይነጠብና፥ ወረቀቶቹ በውሃ ይቁሙ። የበርበሬ የተፈጥሮ ቅላቱ በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ የቤቱ በርበሬ ደማቅ ቀለም ወደ ላይ አይሰድም። የተገዛው ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካን መቀነት ይዞ ወደ ላይ ከወጣ ግን፥ በውሃ የሚሟሟ ባዕድ ቀለም ሳይጨመርበት አይቀርም። እንዲህ ያለውን በርበሬ ለማእድ አታቅርቡ።

ታዲያ ምንም ባይወጣስ? ነጻ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ሱዳን 1 የሚባል ቀይ ቀለም አለ፤ ስሙ ከጎረቤታችን አገር ስም ጋር ይመሳሰል እንጂ፥ በፋብሪካ የሚሠራ የሰምና የዘይት ማቅለሚያ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ዕጢ ማስከተሉ ስለ ታየ፥ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በምግብ ውስጥ መግባቱ የተከለከለ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 በተፈጨ በርበሬ ውስጥ ተገኘ፤ በ2005 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በመቶ የሚቈጠሩ የምግብ ዓይነቶች በእርሱ ምክንያት ከገበያ ተሰበሰቡ። ይህ ቀለም እንደ በርበሬው ቅላት ሁሉ በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ በቤታችን የውሃ ፈተና ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ያልፋል። እርሱን ለማውጣት ሌላ ፈሳሽና የላቦራቶሪ እጅ ያስፈልጋል። የወረቀቱ ዝምታ የንጽሕና ምስክር አይደለም።

የወረቀቱ ጩኸትም ቢሆን ሰውን ለመወንጀል አያስችልም። ቀለሙ ወጣ ብሎ በገበያ መካከል በባለ ሱቁ ላይ መጮኽ አይገባም፤ እርሱም ከሌላ ገዝቶት ይሆናል። ያልተነካውን በርበሬ ከነመያዣው አስቀምጦ፥ የምግብ ቍጥጥር ወደሚያደርገው መሥሪያ ቤት ማመልከት የጨዋ ሰው መንገድ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ዛላውን ገዝቶ በቤት ማዘጋጀት እንደ ሆነ ባለቤቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ ጊዜ ላጣ ቤተሰብ ግን ፈተናውን ማወቅ ጥቂት ጥበቃ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ከሙጫና ከበርበሬ ያልፋል። ልጆቻችን ስለ አንድ ነገር ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ሲሉን፥ «ከምን ጋር አስተያይተህ ነው?» ብለን እንጠይቃቸው። በጎኑ የታወቀ ነገር ሳይቆም የተነገረ ፍርድ፥ ብቻውን እንደ ተነጠበ ወረቀት ነው፤ ነጥብ ያሳያል እንጂ ስም አይሰጥም። በገዳሪፍ ሜዳ በሐሩር የሚለቅመውም ሰው ሆነ በጎንደር ገበያ ሸማዋን ተከናንባ በርበሬ የምትመዝነው እናት የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ንጹሕ ሥራቸው ከተበላሸው ጋር በአንድ ከረጢት እንዳይቈጠርባቸው። ይህን መብታቸውን ከሚጠብቁላቸው መሣሪያዎች አንዱ፥ በእርሳስ የተሰመረባት ቍራጭ ወረቀት ናት።